ደሴ ፒያሳ ያለው የገበያ ህንፃ ልጅ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ (ከ5 ኮከብ 4)

ለአረፋ ልጅ ይዛችሁ ልብስ ልትገዙ ፒያሳ ለምትወጡ ሰዎች ነው ይሄን የምፅፈው። ስለ ዋጋና ስለ ልብስ ጥራት ሌላ ሰው ይፃፍ፣ እኔ የዚህን ህንፃ ሰዎች በደንብ ያየኋቸው ልጅ በጠፋ ሰአት ስለሆነ የምመዝናቸውም በሱ ነው፣ ለኔ አንድ የገበያ ቦታ ከዚህ በላይ የሚፈተንበት ነገር የለም። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የምወቅሳቸውም ነገር አለ። ምድሩ ላይ ሞባይልና ኮስሞቲክስ ነው፣ ከላይ የወንድ ልብስና ጫማ፣ ከሱ በላይ አባያና ጅልባብ፣ ከኋላ ፓርኪንግ አለው። ያን የኋላውን በር ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በረመዳን መጨረሻ ሰሞን ነው፣ ያ ሰሞን ፒያሳ ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው አይነገርም፣ ከኩታበር ከሀይቅ ከቦሩ ሜዳ ሁሉ ሰው ለዒድ ልብስ ይመጣል፣ ደረጃው ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚወጣው። የእህቴ ልጅ አምስት አመቱ ነው። እህቴ አባያ ስትለካ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ከዛ የለም። በቃ የለም። ሁለት ሱቅ አየን፣ ሶስተኛው ላይ እህቴ ስሙን እየጠራች መጮህ ጀመረች።

አሁን ጥሩውን ልንገራችሁ። ደረጃው አፍ ላይ የሚቀመጡ አንድ ትልቅ ሰውዬ ጥበቃ አሉ፣ ድምፁን ሲሰሙ ወደኛ አልሮጡም። መጀመሪያ ስልካቸውን አውጥተው ታች በር ላይ ላለው ልጅ ደወሉና "ልጅ ጠፍቷል፣ አምስት አመት ወንድ፣ ልጅ ይዞ የሚወጣውን ሁሉ እያየህ አናግር" አሉት፣ ከዛ ነው ወደ እህቴ የመጡት። እኔ በሰአቱ ተናድጄ ነበር ምን ስልክ ያስደውላቸዋል ብዬ፣ በኋላ ሳስበው ግን የዛን ቀን ከተሰራው ሁሉ ትልቁ ስራ ያ ስልክ ነው። ልጁ ህንፃው ውስጥ እስካለ ድረስ ፍለጋው ፎቅ ከፎቅ መዞር ነው፣ በሩን ካለፈ ግን ፒያሳ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ "ቧንቧ ውሃ ቧንቧ ውሃ" የሚል ታክሲ ነው፣ ከዛ በኋላ ከተማውን ሙሉ ልትፈልጉ ነው።

በሩን ደግሞ አልቆለፉትም፣ ይሄም ትክክል ነው። እንደዛ በተጨናነቀ ህንፃ ውስጥ በር ብትቆልፉ ሰው ደንግጦ ይረጋገጣል። ሰው ይወጣል ይገባል፣ ግን ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ሰላም ተብሎ ይቆማል፣ ልጁን "ማነው አብሮህ ያለው?" ይሉታል፣ ያልፋል። አንድ አባት ሲቆጣ ሰምቻለሁ፣ የኔን ልጅ ልትጠይቀኝ ነው ወይ ብሎ፣ ኋላ ግን እህቴን አይቶ እሱ ራሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲያግዝ ነበር።

ከዛ ሰውዬው እህቴን "እታለም፣ አልቅሺ ግን መልሽልኝ" አሏት። ስም፣ እድሜ፣ ቁመቱ እስከየት ነው፣ ፀጉሩ ተቆርጧል ወይ፣ ምን ለብሷል። እህቴ ሰማያዊ ጃኬት ስትል "እሺ ጫማውስ?" አሉ። ጃኬት ይወልቃል፣ ሌላ ልብስ ከላይ ይደረባል፣ የልጅ ጫማ ግን ተቻኩሎ የሚቀይር ሰው የለም ነው የሚሉት። እህቴ ጫማውን ስትናገር ትዝ ይለኛል፣ ያ ሲረግጥ ተረከዙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ የሚለው ነጭ ጫማ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ሰውዬው በደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "ነጭ ጫማ መብራት ያለው" ብለው ፅፈው ከስሩ ሁለቴ አሰመሩበት።

የህንፃው ሱቆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፣ ለመብራትና ለኪራይ ጉዳይ የከፈቱት ነው መሰለኝ። የህንፃው አስተዳዳሪ መጣችና ከእህቴ ስልክ ላይ የልጁን ፎቶ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ በዛው ልብስ የተነሳውን፣ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ከሰከንዶች በኋላ ከየሱቁ ሰው አንገቱን እያወጣ ኮሪደሩን ሲያይ ነበር። ይሄን ነገር በጣም ወድጄላቸዋለሁ። አዲስ ነገር ግዙ ብትሏቸው ማንም አይገዛም፣ ባላቸው ነገር ነው የሰሩት።

አንድ የሞባይል ሱቅ ልጅ ሞንታርቦውን ከፍቶ የልጁን ስም እየጠራ ሊለፍፍ ሲል አስተዳዳሪዋ አስቆመችው። "ስሙን አትጥራ፣ ልብሱንና ጫማውን ብቻ ተናገር" አለችው። ለምን ስላት ስሙን ህንፃው ሙሉ ከሰማ ማንም ሰው በስሙ ጠርቶ "ና እናትህ ጋ ልውሰድህ" ሊለው ይችላል አለች። አምስት አመት ልጅ ደግሞ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘመድ ይመስለዋል። ወላሂ እኔ ይሄን በህይወቴ አስቤው አላውቅም።

እዚህ ጋ ስለ ልጁ የእጅ ሰአት ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሊገዛ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ልጁ እጁ ላይ ያ ሲም የሚገባበት ጂፒኤስ ያለው የልጆች ሰአት አስሮ ነበር። እህቴ አፑን ስትከፍት ልጁን ከህንፃው ውጪ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ነው ያሳያት። እህቴ ወደ ውጪ ልትሮጥ ስትል ጥበቃው "አንድ ሰው ይሂድ፣ አንቺ እዚህ ሁኚ" ብለው አንድ ወጣት ላኩ። ልጁ ህንፃው ውስጥ ነበር። ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ኮንክሪት ፎቅ ውስጥ ሲግናሉ ይደክማል ወይ ጭራሽ አይገባም፣ ያኔ ሰአቱ በአካባቢው ባለ የኔትወርክ ማማ ገምቶ ነው ቦታ የሚሰጣችሁ፣ በዚህ ግምት ደግሞ መቶ ሜትሮች መሳት ያለ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ይጠቅማል፣ መደወያም አለው፣ አትግዙ አልልም። ግን ህንፃ ውስጥ እሱን አምናችሁ ፍለጋውን ሁሉ ወደ ውጪ እንዳታዞሩት።

ልጁን ያገኘችው የጅልባብ ሱቅ ሰራተኛ ነች። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ሱቅ ይፈትሽ ተብሎ ነበር፣ ማለት ቆሞ በአይን ማየት አይደለም፣ መለኪያ ክፍሉን ከፍቶ፣ የተሰቀለውን ልብስ ገልጦ፣ ባንኮኒው ስር ጎንበስ ብሎ። እሷም የተሰቀሉትን ጅልባቦች ከአንዱ ጫፍ እየገለጠች ስትመጣ ከስር በጨለማው ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል አየች። ልጁ ከግድግዳውና ከጅልባቡ መሀል ቆሞ ነበር፣ እናቱ ስትጮህ ሰምቶ ሊመቱኝ ነው ብሎ ተደብቋል። ይሄን አስቡት፣ ስሙን በጮኽን ቁጥር ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። የጠፋ ትንሽ ልጅ ሁሉ እያለቀሰ ኮሪደር ላይ የሚቆም እንዳይመስላችሁ፣ የሚደበቅ አለ፣ እንቅልፍ የሚወስደውም አለ።

አልሀምዱሊላህ ብዬ ላቅፈው ስሄድ ጥበቃው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። "እናቱ ትምጣ" አሉ። አክስቱ ነኝ እያልኳቸው! እናቱ ስትመጣ እሳቸው ለልጁ በርከክ ብለው "ይቺ ማናት?" አሉት፣ "እማ" አለ፣ ስልኳ ላይ አብረው የተነሱትን ፎቶ አዩ፣ ከዛ ለቀቁት። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው፣ አክስቱ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ አክስት አይደለም፣ እኔን ደግሞ ከየት ያውቁኛል። አስተዳዳሪዋም እዛው ቆማ "ተገኝቷል፣ ፎቶውን አጥፉት፣ ለማንም ፎርዋርድ ያደረገ ካለ ተገኝቷል ብሎ ይፃፍ" ብላ ግሩፑ ላይ ፃፈች። ፌስቡክ ላይ ስንት ከተገኘ አመት ያለፈው ልጅ ፎቶ እስካሁን "ጠፍቷል ሼር አድርጉ" እየተባለ ይዞራል፣ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያዩታል። ደሞ ሰው እንደዛ አይነት የቆየ ፖስት ሲበዛበት እውነተኛው ሲመጣም አልፎት ይሄዳል።

አስተዳዳሪዋን ይሄን ስርአት ከየት አመጣችሁት አልኳት። ውጪ የምትኖር ዘመዷ ሱቅ ውስጥ ስትሰራ የተማረችውን ነግራት ነው። እቤት ገብቼ አነበብኩ። ኮድ አዳም ይባላል፣ የጀመረው ዋልማርት የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ የሱቆች ድርጅት ነው እ.ኤ.አ በ1994። ስሙን ያገኘው አዳም ዋልሽ ከሚባል የስድስት አመት ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ ሐምሌ 1981 ፍሎሪዳ ውስጥ ሆሊውድ የምትባል ከተማ (የፊልሟ አይደለችም) ከገበያ ማእከል ጠፍቶ በኋላ ተገድሎ የተገኘ ልጅ። እናቱ እዛው መደብር ውስጥ ነበረች፣ ልጁን የጌም ማሳያው ጋ ትታው ነው የሄደችው። ጥበቃዋ የሚጨቃጨቁ ልጆችን ከሱቁ ስታስወጣ እሱም አብሮ ሳይወጣ አይቀርም ተብሎ ይታመናል። አባትየው ጆን ዋልሽ ከዛ በኋላ ህይወቱን ለጠፉ ልጆች ነው የሰጠው፣ እ.ኤ.አ በ1984 የተቋቋመውን የአሜሪካ የጠፉ ልጆች ማእከል ከመሰረቱት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ በ2003 ደግሞ ህዝብ የሚገባባቸው የአሜሪካ የፌዴራል መንግስት ህንፃዎች ሁሉ እንዲህ አይነት ስርአት እንዲኖራቸው በህግ ተደነገገ።

ስርአቱ ራሱ ቀላል ነው። ልጅ ጠፋ ሲባል ሰራተኛው መልኩንና ልብሱን ይጠይቃል፣ ኮዱ ይነገራል፣ ሰራተኞች ስራቸውን ትተው ይፈልጋሉ፣ በሮቹ ላይ ሰው ይቆማል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ፖሊስ ይጠራል። ከወላጁ ውጪ ከሌላ ሰው ጋር ከተገኘ ራስን አደጋ ላይ ሳይጥሉ ያን ሰው በወሬም ቢሆን ማዘግየት ነው፣ መደባደብ የለም፣ መልኩንና መኪናውን ይዞ ለፖሊስ መስጠት ነው። ያቺ 10 ደቂቃ እኛም ህንፃ ላይ ነበረች፣ አስተዳዳሪዋ ሰአቷን እያየች "ካለፈ 991 እደውላለሁ" ስትል ሰምቻታለሁ። ከዛ በፊት ነው የተገኘው።

ፖሊስ ካነሳን አይቀር፣ እኛ ሀገር ሰው አፍ ላይ ያለ ነገር አለ፣ "24 ሰአት ካልሞላው አይፈለግም" የሚል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ በ1990 ባወጡት ህግ ፖሊስ የጠፋ ልጅ ሪፖርት ለመቀበል "ትንሽ ጠብቁ" እንዳይል ከልክለዋል፣ ምክንያቱም ልጅ ተወስዶ ከሆነ መጀመሪያዎቹ ሰአታት ናቸው ዋናዎቹ። ማንም ጠብቂ ቢላችሁ አትጠብቁ፣ ደውሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ በእግሩ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ።

ይሄን ሁሉ የማደንቀው ሌላውን ስላየሁ ነው። አምና ኮምቦልቻ አንድ መዝናኛ ቦታ የጎረቤቴ ሴት ልጅ ጠፍታ ጥበቃዎቹ "ልጅ አይደለች፣ ሲርባት ትመጣለች" ነው ያሉን። ከወንበራቸው አልተነሱም። ልጅቷን ያገኛት የባጃጅ ሹፌር ነው፣ የሚሌ ከባድ መኪና ሲግተለተል የሚውልበት አስፋልት ዳር። አላህ ይስጠው፣ ባጃጁን አቁሞ እጇን ይዞ እየጠየቀ ነው ያመጣልን። የቦታው ሰዎች ግን መግቢያ ከልጅም ከትልቅም ይቀበላሉ። ለልጅ ገንዘብ የተቀበለ ቦታ ለልጅ ሀላፊነት አለበት፣ እዚህ ላይ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

አሁን ወደ ህንፃው ልመለስና የጎደለውን ልናገር፣ አንድ ኮከብ የቀነስኩበትን።

የኋላው በር። ፊት ለፊት በር ላይ ሰው ሲቆም የፓርኪንጉ በር ክፍት ነበር፣ ማንም አልነበረበትም። ትዝ ያላቸው ከቆየ በኋላ ነው፣ አንድ የጫማ ሱቅ ልጅ "ኧረ ኋላስ?" ብሎ ጮኾ ሮጠ። ክፉ ሰው ቢሆን በየት እንደሚወጣ ግልፅ ነው፣ መኪና ያለው እዛ ነው። ሰውዬው ስልክ ሲደውሉ ሁለት ስልክ መደወል ነበረባቸው ወይ ደግሞ አንዱ ሱቅ፣ በሩ አጠገብ ያለው፣ ሲጠራ ቀድሞ እንዲቆም አስቀድሞ መነገር አለበት። በስም መታወቅ አለበት፣ "ሰው ይቆማል" ብቻ ከሆነ ማንም አይቆምም።

ካሜራ ደግሞ አለ፣ ግን የካሜራውን ክፍል ቁልፍ የያዘው ልጅ ለአስር ሶላት ወጥቶ ነበር። ሶላት መውጣቱ ልክ ነው፣ ቁልፉ ግን ከሱ ጋር መሄዱ ልክ አይደለም። ያን ካሜራ ወዲያው ብናይ ልጁ ወደ ደረጃው እንዳልሄደ በአንድ ደቂቃ እናውቅ ነበር፣ እህቴ ያን ሁሉ አትንቀጠቀጥም ነበር። ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ አንዱ አስተዳዳሪዋ ጋ። ሽንት ቤቱንና ሊፍቱንም ማንም ቶሎ አላሰበውም፣ ሊፍቱ በዛ ሁሉ መሀል ሲወጣ ሲወርድ ነበር።

እህቴን ብቻዋን ኮሪደር ላይ መተዋቸውም አልተመቸኝም። ሁሉም ሲሮጥ እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ እኔ ወደ ላይ ወደ ታች እላለሁ። አንዲት ሴት ሻጭ አጠገቧ ብትሆን፣ ውሃ ብታቀምሳት፣ ስልኳ ሲጠራ ብታነሳላት ጥሩ ነበር። እናትየው ልጁ መጨረሻ ከታየበት ቦታ መንቀሳቀስ እንደሌለባት ነግረዋታል፣ ልክ ናቸው ልጁ ቢመለስ እዛው ነው የሚመለሰው፣ ግን ቁጭ በይ ብሎ መተው ለእናት ከባድ ነው።

ሌላው ስለ ከተማው። ሰኞ ገበያ ልጅ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ ሰው ለሰው ይቀባበለዋል፣ መስጊድ ማይክ ላይ ይነገራል፣ ቤተክርስቲያንም ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል። ለግሸን የመስከረም 21 ንግስ የሚሄደውም ሰው መንገድ ላይ እንደዛው ነው የሚፈላለገው። በ2014 ጥቅምት ከተማው ሲሸሽ ደግሞ ልጅና እናት መንገድ ላይ መለያየት ምን እንደሆነ ይሄ ህዝብ በአይኑ አይቶታል፣ የማያውቀውን ልጅ አዝሎ ኮምቦልቻ ያወረደ ሰው አለ። ማለቴ ደሴ ላይ የደግ ሰው ችግር የለም። የጎደለን ማን የት ይቁም የሚለው ነው፣ ይሄ ህንፃ ደግሞ ግማሹን ሰርቶ አሳይቷል፣ መናኸሪያውም ስታዲየሙም የሰርግ አዳራሹም ሊሰራው ይችላል፣ አንድ ከሰአት ሰራተኛ ሰብስቦ መነጋገር ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም።

ለአረፋ ለምትወጡ፣ እኛ ቤት አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ልጁን በለበሰው ልብስ ከእግር እስከ ራሱ ፎቶ እናነሳዋለን፣ ጫማው እንዲታይ። ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ክንዱ ውስጥ በኩል፣ እጅጌው በሚሸፍነው ቦታ እንፅፍለታለን፣ ስሙን ግን ቦርሳው ላይም ጃኬቱ ላይም አንፅፍም። ከጠፋህ ከባንኮኒ ጀርባ ያለች ሴት ጋ ወይ ልጅ የያዘች እናት ጋ ሂድ ብለነዋል፣ "ፖሊስ ፈልግ" ብትሉት አምስት አመት ልጅ ዩኒፎርም ከዩኒፎርም አይለይም። ደግሞ አንመታህም ብለነዋል፣ ደጋግመን፣ ስንጠራህ ውጣ፣ ማንም አይቆጣህም። ሲጠፋ ካልተመታ ሲገኝም እንዳይመታ አደራ፣ ሲገኝ በድንጋጤ የሚመታ ወላጅ ብዙ አይቻለሁ፣ ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ጅልባብ ስር ይገባል።

ለጥበቃው ሰውዬ ሳንቲም ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉኝ፣ ለሱቁ ሰራተኛ ግን እህቴ ለዒድ ኬክ ይዛ ሄዳለች። ባለቤቶቹ ይሄን ካነበባችሁ ሰውዬውን ደሞዝ ጨምሩላቸው፣ የፓርኪንጉን በር ሀላፊ መድቡ፣ ቁልፉን አስቀርፁ። ለአረፋ ስመጣ መጀመሪያ የማየው የኋላውን በር ነው፣ ሰው ካለበት አምስተኛውን ኮከብ እዚሁ እጨምራለሁ።